የዘሐራ ኒካህ እና ድርብ ሰረዝ

አማርኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ኮምፒውተር ቤት አይክፈት። ምክሬ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምዘበዝበው ሁሉ የዚህ ምክር ማስረጃ ስለሆነ፣ የቸኮለ ሰው ካለ ምክሯን ይዞ ወደ ሥራው መሄድ ይችላል። ጊዜ ያለው ደግሞ ጠጋ ይበልና ያዳምጠኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ሾፌሩ እስከ ጤና ጣቢያው ነርስ ድረስ በቀይ እስክሪብቶዬ ያልተሰቃየ የለም። ነጠላ ሰረዝ በሚገባበት ቦታ አራት ነጥብ ያስቀመጠ ተማሪ አይቼ ምሳ ሳልበላ የዋልኩበት ቀን አለ። ሚስቴ "ልጁ ነጥብ ሳተ እንጂ ሰው አልገደለ፤ ምን ሆነሃል?" ትለኝ ነበር። እሷ ምን ታድርግ፤ የሒሳብ አስተማሪ ናት።

እኔ ጡረታ ስወጣ ለውጡ መጣ። ሰዉ ሁሉ "ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ነው" እያለ ያወራ ነበር። እኔም ለውጡ ጥሎኝ እንዳይሄድ ብዬ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየሁና አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ አግዳሚ ወንበር አስገባሁባት። በሩ ላይ "የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት አገልግሎት" አስጻፍኩ። ጸሐፊው ነጠላ ሰረዟን ዘሏት ስለነበር የወረደበት መሰላል ላይ መልሼ አውጥቼዋለሁ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነበር፤ ማጥፋቱንም ቢሆን ብዙውን ጊዜ መብራቱ ራሱ እየሄደ ያግዘኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰው ፍራሹንና ዱቄቱን ተሸክሞ ሲሸሽ እኔ ኮምፒውተሬን በሚስቴ ነጠላ አዝዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ አንዲት እናት በሐዘን አየት አደረገችኝና "ወንድ ነው ሴት?" ብላ ጠየቀችኝ። "ገና አልለየለትም" ብያት አለፍኩ። ምን ልበላት?

ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ተራራ ሥር፣ አያ ይማም የሚባል ገበሬ ወዳጅ አለኝ። ልጁ ዘሐራ ሐይቅ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ስትማር አስተምሬያታለሁ። አያ ይማም እኔንና ሚስቴን አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ቤቱ አስገባን። ኮምፒውተሩን ግን ዞሮ ዞሮ አየውና "መምህር፣ ይሄስ ምን ይበላል?" አለኝ።

"መብራት" አልኩት።

"እንግዲያ እኛ ቤት ጿሚ ነው" ብሎ የጭድ ክምሩን ሰንጥቆ እመሀሉ ቀበረው። ሰላም ሆኖ ስንመለስ ቆፍረን አወጣነው። የሽቦውን ጫፍ በሬው ቀምሶት ነበር። ሐይቅ ወስጄ ስሰካው ግን ተነሣ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲበራ መጀመሪያ ገለባ ይተፋል፣ ቀጥሎ ያስላል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይገባል። የማይታረቀው ከብራውዘሩ ጋር ብቻ ነበር። ኢንተርኔት የሚያስገባችሁ በር ማለት ብራውዘር ነው። ስትነኩት ብቅ ይልና፣ አበዳሪ እንዳየ ሰው፣ ወዲያው ይሰወራል።

በዚህ መሀል ነው አያ ይማም አንድ ማክሰኞ ዱላውን ይዞ ከች ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘሐራ ሰይድ ለሚባል የሐይቅ ልጅ ታጭታለች። ሰይድ ዐረብ አገር ነው የሚሠራው። ሰርጋቸው መጀመሪያ በዚያ በበሽታው ዘመን መንገድ ሲዘጋ ተሰረዘ። እንደገና ቀን ተቆረጠና ጦርነቱ ሰረዘው። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ጠፍቶ ስለነበር ወሬ ብቻውን ቀረ። አንዱ ሰይድ ሞቷል ይላል፤ ሌላው እዚያው ሌላ አግብቷል ይላል። ሞቶ እንዴት አገባ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

"ኒካሁ በመጪው ጁምዓ ይታሰራል" አለኝ አያ ይማም። "ልጁ ከሥራው ያገኘው አንድ ሰዓት ፈቃድ ነው። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ሊወስዱት ነው አሉ፤ መመለሻውን አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ደግሞ ፊቱን በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልሰጥም።"

"በስልክ እየው እንጂ!"

"የስልክ ፊት ጥፍር ታህላለች። ልጄን ለጥፍር አልድራትም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መምህር፣ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። ሦስተኛ ከተሰናከለ አላህ አልጻፈውም ማለት ነው፤ ወላሂ እተወዋለሁ። ጭዴ ውስጥ የከረመው እቃህ በትልቁ ያሳየኝ።"

ቤቱ ያስጠለለኝን ሰው እንዴት እምቢ እላለሁ? ብራውዘሩ እንደማይከፈት እያወቅኩ "ችግር የለም" አልኩት። ችግር የለም የሚል ሰው ስታዩ ችግሩ እሱ ራሱ መሆኑን እወቁ።

ጁምዓ ከስግደት በኋላ ቤቴ ሞላ። አግዳሚው ላይ አያ ይማም አዲስ ኮፍያ አድርጎ ተቀመጠ። ከጎኑ የሰይድ አባት አያ እንድሪስ አለ፤ ቶሎ የሚነድ፣ ቶሎ የሚበርድ ሰው ነው። በመካከላቸው ኒካሁን የሚያስሩት ሸህ አደም ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ሁለት ምስክሮች በሩ አጠገብ ቆመዋል። ዘሐራ ከአክስቷ ጋር ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ተከልላለች፤ የምትታየው የሻሿ ጫፍ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩን አበራሁት። ገለባውን ተፋ። ሸህ አደም ከጋቢያቸው ላይ አንዷን ገለባ አነሡና "ማሻአላህ፣ ምርቱ ጥሩ ነው" አሉ። ብራውዘሩን ነካሁት፤ ብቅ አለና ጠፋ። ደግሜ ነካሁት፤ ብቅ አለና ጠፋ።

"ይሄ ልጁ ነው?" አለ አያ ይማም ዓይኑን አጥብቦ።

"አይደለም፤ ገና በሩ ነው።"

የእህቴ ልጅ ትዕግሥት አዲስ አበባ በኮምፒውተር ሥራ ነው የምትተዳደረው። ደወልኩላትና ሁለቱም እጆቼ ኪቦርዱ ላይ እንዲሆኑ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የዕለቱ ትልቁ ጥፋቴ ይህ ነበር። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ትልቁ ጥፋቴን ወደፊት ታገኟቸዋላችሁ።

"ጋሼ፣ የምስል ካርዱ ተጎድቶ ነው" አለች ትዕግሥት። "ብራውዘሩ ሲከፈት ካርዱን እንዳይነካው ማዘዝ አለብን። ምልክቱን መጫን ይቅርና የትዕዛዝ መስኮት ይክፈቱ። እዚያ ላይ የብራውዘሩን ስም ይጽፋሉ፤ ከስሙ ኋላ ትዕዛዙን ያስከትላሉ።"

ያለችውን መስኮት ከፈትኩ። እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነገር መጣ። አያ እንድሪስ "አዑዙቢላህ" ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ነገሩ ሰዋስው ነው! ብራውዘሩ ባለቤት ነው፣ ትዕዛዙ ደግሞ ማሰሪያ አንቀጽ።

"ስሙን ጻፍኩ" አልኳት።

"ክፍት ቦታ ይተዉ። ከዚያ ድርብ ሰረዝ።"

"ምን አልሽ?"

"ድርብ ሰረዝ! ያለ እሱ ትዕዛዝ መሆኑን አያውቅም።"

ልቤ በደስታ ቀጥ ሊል ደረሰ። ሠላሳ ዓመት የጮኽኩለት ነገር! ወደ አግዳሚው ዞርኩና "ሰማችሁ? ማሽን እንኳ ያለ ድርብ ሰረዝ አይገባውም!" አልኩ። ሸህ አደም በትህትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀየርኩና አንዲት ያማረች ድርብ ሰረዝ አስቀመጥኩ፤ ይህችን የመሰለች፦ ፤ ከዚያ ትዕዛዙን ጽፌ ኢንተር መታሁ።

ብራውዘሩ ብቅ አለ፤ ድርብ ሰረዜን ምን እንደሆነች በዓለም ዙሪያ መፈለግ ጀመረ፤ ሳያገኛት ሞተ።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የጻፉት?"

"ያልሽኝን። ድርብ ሰረዝ።"

"ሁለት ናቸው?"

"ሁለት ናቸው እንጂ! አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ነጥቦቹ ከመሀል።"

ስሟ ትዕግሥት ይሁን እንጂ በዚያ ሰዓት ስሟ እያለቀባት እንደነበር ይሰማኛል። "ጋሼ፣ የአማርኛውን አይደለም! ጎን ለጎን የተኙ ናቸው! ሁለቱም የተኙ!"

ሸህ አደም ሳል ሳል አደረጋቸው። ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። እኔ "የእኔ ልጅ፣ ድርብ ሰረዝ ተኝቶ አያውቅም" ብዬ ልከራከር ስል ኔትወርኩ ይቆራረጥ ጀመር። ከስልኩ የሚመጣው ቁርጥራጭ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ይኸውም "...ሰርዝ! ...ጋሼ፣ ሰርዝ! ..." የሚል ነበር።

አሁን አንባቢ ልብ በሉልኝ። ልጅቷ ያለችው "ሰረዝ" ነው። ግን መስመሩ ሲቆራረጥ ሰረዝ ምንጊዜም "ሰርዝ" ሆኖ ነው የሚሰማው። ሁለት ጊዜ የተሰረዘ ኒካህ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ደግሞ "ሰርዝ" የሚል የማያውቁት የሴት ድምፅ ከአዲስ አበባ ሰሙ።

አያ እንድሪስ ከመቀመጫው ተነሣ። "ይህች ሰርዝ የምትል ማን ናት?"

"የእህቴ ልጅ ናት፣ አያ እንድሪስ።"

"ልጄን ከየት ታውቀዋለች? ምኑ ሆና ነው ኒካሁን የምታሰርዝ?"

አያ ይማም ወደ አያ እንድሪስ ዞረ። "እንድሪስ፣ ልጅህ አዲስ አበባ ሰው አለው እንዴ?"

"ወላሂ የለውም!"

"ታዲያ ይቺ ከመሬት በቅላ ነው?"

"ኧረ ረጋ በሉ!" አልኩ። "ሰረዝ ነው ያለችው፤ ሥርዓተ ነጥብ ነው!"

ስልኩ በዚያው ቅጽበት አንዴ ጠራ ብሎ "ሁለት ጊዜ ነው! ሁለት ጊዜ!" ብሎ ጮኸ።

ሸህ አደም ሙስበሃቸውን አቆሙ። "መምህር" አሉኝ ረጋ ብለው፣ "ሁለት ጊዜ ብላለች። ፍቺ ሦስተኛ ከተባለ በእኛ ዘንድ መመለሻ የለውም። ሳትደግመው ስልኩን ዝጋው።"

ዘጋሁት። ወረቀት አውጥቼ ሁለት የተኙ ሰረዞች ሣልኩና አሳየኋቸው። ሸህ አደም ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው "ይሄ ሁሉ ጸብ ለሁለት ፍልጥ?" አሉ። አያ እንድሪስ ቶሎ በረደ። አያ ይማም ግን ዱላውን ከመሬት አላነሣም፤ ጣቶቹ ብቻ ዱላው ላይ ይቆጥራሉ።

ለትዕግሥት ትዕዛዙን በቴክስት እንድትልክልኝ ጻፍኩላት። እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ነገር ግን የአስተማሪ ነገር፣ "ያሉትን ትዕዛዞች በሙሉ ከነትርጉማቸው ላኪ፤ ጎደሎ ትምህርት አልወድም" ብዬ ጨመርኩበት። ላከች። አንዱ ካርዱን ያሳርፋል። አንዱ ታሪክ ሳይዝ ይከፍታል። አንዱ ኪዮስክ ይባላል፤ ስክሪኑን ይሞላል። ሁለቱ ደግሞ ስለ ካሜራ የሆኑ፣ ረጃጅም፣ አጀማመራቸው አንድ ዓይነት የሆነ መንትያዎች ነበሩ። የቴክስቱ መጨረሻ ላይ "ክፍል አንድ" ይላል። ክፍል ሁለት አልመጣም። ክፍል ሁለት ለምን ያስፈልጋል ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ካርዱን የሚያሳርፈውን ጻፍኩ፤ በሁለት የተኙ ሰረዞች። ቀጥሎ "ታሪክ ሳይዝ" የሚለውን ሳየው ልቤ ተነካ። የእነዚህ ልጆች ታሪክ ምን ነበር? መሰረዝ፣ መሰረዝ። ያለፈው እንዳይቆጠርባቸው ብዬ እሱንም ጨመርኩ። ኢንተር።

ብራውዘሩ ተከፈተ! አልጠፋም! ግን ገጹ ጥቁር ነው። መሀሉ ላይ ባርኔጣና መነጽር ያደረገ ሰው ሥዕል አለ፤ ከባርኔጣውና ከመነጽሩ በቀር ምንም የለውም።

አያ ይማም ተጠግቶ አየው። ዞሮ እኔን አየኝ። "ፊቱን ልይ ብዬ መጣሁ፤ ፊት የሌለው ሰው ታሳየኛለህ?"

"እሱ ሰይድ አይደለም!"

"ታዲያ ምስክር ነው? ለምስክርም ፊት ያስፈልገዋል።"

"ጽሑፉስ ምን ይላል?" አሉ ሸህ አደም። ውሸት ስለማልችል ነገርኳቸው፤ በድብቅ ገብተሃል ነው የሚለው። ሸህ አደም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "በድብቅ? ኒካህ በድብቅ አይታሰርም! ኒካህ ይነገራል፣ ድቤ ይመታበታል። በል ይሄን በር ክፈተው!"

"የብራውዘሩን?"

"የቤትህን!"

በሩ ተበረገደ። ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ ደጃፌ ላይ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ክርስቲያን ናት። ሸህ አደም "ሙሉ፣ ኒካህ ነው፤ አሰሚልን!" ሲሏት ምንም ሳትጠይቅ የዓሣ ሳፋዋን ገለበጠችና ትመታው ጀመር። የባጃጅ ሾፌሮቹ ጡሩምባ ነፉ። ከወልዲያ ወደ ደሴ የሚያልፍ ሚኒባስ ቆመ፤ ተሳፋሪው ወርዶ ግማሹ ቤቴ ገባ። አንዱማ መታወቂያዬን ኮፒ አድርግልኝ ብሎ ተሰለፈ። በሕይወቴ እንዲህ በግልጽ የተከፈተ ድብቅ ገጽ አላየሁም።

የሰይድ አንድ ሰዓት ግማሹ ሄዷል። ጥቁሩን ገጽ ዘጋሁና አዲስ ትዕዛዝ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሰዉ ስለበዛ ሁሉም እንዲያይ ኪዮስክ የሚለውን ጨመርኩ። አያ እንድሪስ ስሙን ሰምቶ "ኪዮስክ ደግሞ ለምን? ሱቅ ልትከፍትላቸው ነው?" አለኝ። ካሜራው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ከጦርነቱ በፊት አንዴ ስለማመድ ፈቃድ ሲጠይቀኝ ደንግጬ "ከልክል" ብዬው ነበር። ከመንትያዎቹ አንደኛው ፈቃድ ሳይጠይቅ እንዲሰጥ የሚያደርግ ነው። ሁለቱም "ፌክ" የሚል ቃል አለባቸው። ፌክ ማለት የውሸት ማለት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሸህ አደም እንዳይጠይቁኝ ቶሎ ብዬ አንዱን ገለበጥኩ፣ ሰይድ ለቪዲዮ ጥሪው የላከልንን ሊንክ ከመጨረሻው አስከተልኩ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ ኢንተር መታሁ።

ሰይድ መጣ! ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጥርሱ እንኳ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ያልሞተ፣ ጤነኛ ሰይድ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አያ እንድሪስ የልጁን ግንባር ስክሪኑ ላይ ሳመ። አያ ይማም ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

"አሰላሙ ዐለይኩም" አለ ሰይድ። ከዚያ ፊቱ ተቀየረ። "አባባ ይማም፣ የት ነዎት?"

"ይኸው ፊትህ!"

"ድምፅዎን አልሰማሁም። ጢጥ ጢጥ የሚል ነገር ነው የምሰማ። የሚታየኝም አረንጓዴ ሜዳ ላይ አንድ ክብ ነገር ነው። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።"

አያ ይማም ከኮፍያው እስከ ጫማው ራሱን አየ። "እኔን ነው?"

"ያረቢ፣ ምንድን ነው ይሄ?" አለ ሰይድ። "አሁንም ይከፍታል። አሁንም ይዘጋል።"

"እኔን ነው የሚሰድበኝ!" አለ አያ ይማም፣ አፉን እየከፈተና እየዘጋ።

በኋላ ትዕግሥት እንዳስረዳችኝ፣ የገለበጥኩት የተሳሳተውን መንታ ነው። ያኛው ፈቃዱን የውሸት ያደርጋል፤ ይሄኛው ካሜራውን ራሱን የውሸት ያደርግና፣ ማሽን ለመፈተሽ ተብሎ የተሠራ አንድ አፋም ክብ ነገር በሰው ቦታ ይልካል። እኔ አማች የምልክ መስሎኝ የላክሁት እሱን ነው። ሰይድ ሚስት ሊቀበል ሦስት ዓመት ጠብቆ በአማቹ ቦታ የሚያፋሽግ ድፎ ዳቦ አገኘ።

ልዘጋው ፈለግኩ። የመዝጊያዋ ምልክት የለችም። ኪዮስክ ማለት ለካ መውጫ የሌለው ሱቅ ነው፤ ገብቶ መቅረት ነው። ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ መታሁ። ሰይድ ወደ ኋላው ዞሮ ከአንድ ሰው ጋር በዐረብኛ አወራና "እየጠሩኝ ነው፤ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው!" አለ። እትዬ ሙሉ ሳፋውን አጣደፈችው። እኔም በድንጋጤ ጠረጴዛው ሥር ገባሁና በሬው የቀመሳትን ያችን ሽቦ ነቀልኳት።

ሰይድ ጠፋ። መልሼ ስሰካት ኮምፒውተሩ አሳለ፣ ገለባ ተፋ፣ ደግሞ አሳለ፣ ከዚያ ከውስጡ የጭድ ሽታ ያለው ጭስ ወጣ። ያ መከረኛ ጦርነቱን አልፎ በእኔ እጅ ሞተ።

ሳፋው ዝም አለ። አያ ይማም ዱላውን ከግድግዳው አነሣ።

"ሦስተኛ" አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። "ሁለቱን ስሰማ 'ይሁን፣ ለኸይር ነው' ብያለሁ። ሦስተኛው ግን ምልክት ነው። አልተጻፈም። ተነሺ ዘሐራ።"

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እኔ የት እንደምገባ ጠፋኝ። አልቀልድም፤ በዚያች ደቂቃ በራሴ በጣም አፈርኩ። ያስጠለለኝን ሰው ልጅ ትዳር በአዋቂነቴ አፈረስኩት። ሠላሳ ዓመት ሰው ያረምኩት ሰውዬ አንዲት ነገር በትክክል መጻፍ አቃተኝ።

ዘሐራ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ወጣች። ፊቷ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

"አባባ" አለች፣ "ስንት ጊዜ ነው የተሰረዘብን?"

"ሁለት። አሁን ሦስት።"

"የዛሬው አልተሰረዘም፤ እቃ ነው የተበላሸ። ሁለት ጊዜ ነው።" ወደ እኔ ዞረች። "መምህሬ፣ ሁለት ሰረዝ ምን ይባላል?"

"ድርብ ሰረዝ" አልኩ።

"ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ድርብ ሰረዝ ባለበት ቦታ ላይ አንብቤ ጨረስኩ ብዬ ብቀመጥ አስነሥተውኝ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አቁመውኛል። ምን ብለውኝ ነበር?"

ልጅቷን ማቆሜን ረስቼዋለሁ። ያልኩትን ግን አልረሳሁም፤ ለሁሉም የምለው አንድ ነው። "ድርብ ሰረዝ ሐሳቡ አላለቀም ማለት ነው፤ ቀጥዪ፤ መቀመጥ ያለው አራት ነጥብ ላይ ነው።"

"እሱን ነው የምለው" አለች ለአባቷ። "እኔ አልቀመጥም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቆሜ ነው የጠበቅኩት። አልተጻፈም አይበሉኝ፤ ተጽፏል፣ አላለቀም እንጂ።"

አያ ይማም አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ስለዚያ ክብ ነገር ማንም ትንፍሽ አላለም። ዓይኑ እንባ ሲያቀር አየሁ፤ እንዳየሁበትም አየኝ።

ሸህ አደም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይማም፣ አንተ ያልከው ፊቱን ሳላይ አልሰጥም ነው?"

"አዎ።"

"አየኸው?"

"አየሁት።"

"እሱ አንተን ማየቱን አንተም አላልክ፣ ሸሪዓውም አላለ። በል እንድሪስ፣ ለልጅህ ደውል። አንተን ወኪሌ ብሎ ይሹምህ፤ ምስክሮቹ ድምፁን ይስሙ።"

"እንዲህ ይቻል ነበር እንዴ?" አልኩ ጮኼ።

"ድሮም ይቻላል" አሉ ሸህ አደም። "እናንተ በትልቁ ካልሆነ ብላችሁ ነው እንጂ።"

አያ እንድሪስ ቁልፎቿ በፕላስተር የተያዙ አሮጌ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ሰይድ "አባቴ ወኪሌ ነው" አለ። ሸህ አደም ዘሐራን "ወደሽዋል ወይ?" አሏት፤ "ወድጃለሁ" አለች፣ ሚኒባሱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። አያ ይማም ሰጠሁ አለ፣ አያ እንድሪስ ለልጄ ተቀበልኩ አለ። በቃ። ሻይ እንኳ በዚያ ፍጥነት አይቀዳም። እትዬ ሙሉ ሳፋዋን እንደገና ገለበጠች፤ እልልታው ሐይቁ ዳር ደርሶ የተመለሰ መሰለኝ።

በእልልታው መሀል ስልኬ ጮኸች። ክፍል ሁለት ነው። "ጋሼ፣ ሌሎቹን እንዳይነኩ! የመጀመሪያውን ብቻ!"

አያ ይማም ሊሄድ ሲል ኮምፒውተሩን አየት አደረገና "ሬሳውን ልውሰደው?" አለኝ። "ጭዱን ያውቀዋል።" እውነቱን ይሁን ቀልዱን እስከ ዛሬ አልለየሁም።

የኒካሁን ወረቀት በሌላ ሰው ኮምፒውተር የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ ማንንም አላስነካሁም። ዘሐራ ሰይድ ዘንድ ለመሄድ ወረቀቱን አንድ ቢሮ አስገብታ ነበር። ከሳምንት በኋላ ጸሐፊው ደወለልኝ። እሱም ተማሪዬ ነበር። "መምህር፣ ይቅርታ፤ የመጨረሻው መስመር ላይ አራት ነጥብ ረስተዋል። ድርብ ሰረዝ ነው ያስቀመጡት፤ ያላለቀ ነው የሚመስለው" አለኝ።

ሠላሳ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያስደሰተኝ ተማሪ የለም። አልረሳሁትም ልጄ፣ እንዳለ ተወው አልኩት፤